ለቀይ ፊት የሚሆን ጥላ

የዛሬ ልጆች ያናድዱኛል። ስልካቸው ላይ አንዲት ፈረንጅ ጉንጯን በቡናማ ቀለም ስታሰምር ያዩና፣ በማግስቱ «ለነጣ ያለ ቆዳ» ተብሎ የተጻፈበትን ኮንቱር ገዝተው ይመጣሉ። ቀይ ነን ብለው ነዋ! ቀይስ ቀይ ናቸው፤ ግን የእኛን ቅላትና የፈረንጅን ንጣት ምን አገናኘው? ያንን ነገር ሲቀቡት ፊታቸው አመድ ይመስላል። ሌላዋ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብላ የጠይም ጓደኛዋን ኮንቱር ትዋስና በርበሬ የነካው ሰው መስላ ትወጣለች። ከዚያ ሁሉም ተመልሰው እኔ ዘንድ ናቸው፤ እትዬ አሰገደች፣ ምን ሆኜ ነው? እኔ ምን አውቄ! እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፣ ሙያዬ ሹሩባና ካስክ ነው። ፊት የፈይሩዝ ነበር።

ነበር የምለው ሞታ አይደለም፤ የእሷም አላህ የእኔም እግዜር ያቆያት። ልጇ ሀዋኒ አዳማ ስትወልድ አራስ ልጠይቅ ብላ ሄዳ እዚያው ቀረች። ሱቃችንም የለችም። የሮቤ መንገድ ሲሰፋ ያ መደዳ ሙሉ በሙሉ ተነሣ፤ ዛሬ ቦታው ላይ የእግረኛ መንገድና ችግኝ ነው ያለው። እኔ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይቼ እሠራለሁ። ንጹሕ ነው፣ ነፋስ አይገባም፣ መስታወቱ ግድግዳውን ሙሉ ይዞታል። አልወደውም። የድሮዋ ሱቃችን ጣሪያዋ ያፈስ ነበር፤ በጥቅምት ጠዋት ጣታችን አልታዘዝ ይለንና ከሰል አያይዘን እጃችንን ሳናሞቅ ሥራ አንጀምርም። በሯ ፊት ለፊት ጋሪዎች ይቆማሉ፣ ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን ያንባርቁብናል፣ እኛ ውስጥ ሆነን የገባ የወጣውን እያማን እንስቃለን። ናፈቀችኝ። ምን አፍራለሁ፣ ናፈቀችኝ!

ፈይሩዝን ያወቅኋት ሱቅም ሙያም ሳይኖራት ነው። እኔና ባሌ ገዛኸኝ ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ ውስጥ እሷና ባሏ ከሊል አንዲት ክፍል ይዘው ገቡ። ከሊል የሩቋ ብድሬ ልጅ ነው፤ በአይሱዙ ከሃረና ጫካ ቡና እየጫነ ሮቤ ያመላልሳል። ቀይ፣ ረጅም፣ ሳቂታ ሰው። አፍንጫው ግን ጎራዳ ነበር፤ ሰፋ ብሎ ፊቱ መሃል ተደላድሎ የተቀመጠ። ፈይሩዝ ትቀልድበታለች፤ ከዚህ አፍንጫ አጠገብ ስተኛ ለእኔ አየር አይተርፈኝም ትላለች። እሱ ደግሞ ሆን ብሎ ይነፋዋል፣ ግቢው በሙሉ ይንከተከታል። በ1994 ክረምት፣ ወደ ሃረና በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ጉም ውስጥ መኪናው ተገለበጠ። ሀዋኒ የአሥራ አንድ ወር ልጅ ነበረች።

የሟች ባሏ ፎቶ እንኳ አልቀረላትም። የተጋቡት ብድሬ ገጠር ነው፣ ፎቶ አንሺ የት አለና! መንጃ ፈቃዱ ላይ አንዲት ጉርድ ፎቶ ነበረችው፤ እሷም ከመኪናው ጋር ጠፋች። ሐዘኑ ሳይበርድ የከሊል ቤተሰቦች እንደ ወጋቸው ወንድሙ ይውረሳት አሉ። እምቢ አለች። ልጇን አዝላ ሮቤ ቀረች፣ እነሱም ተቀየሟት። ከዚያ በኋላ ከብድሬ አንድ ሰው አልመጣም፣ እሷም አልሄደችም። የከሊል እናት፣ አኮ ሰይዳ፣ የልጅ ልጃቸውን ሳያውቁ አረጁ። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ይህቺ ልጅ ግን አኮ ብላ የምትጠራው ሰው አልነበራትም።

ለፈይሩዝ ከከሊል የቀራት ሀዋኒ ነበረች። ከሀዋኒም ውስጥ ከሊል የት እንዳለ እኔና እሷ እናውቃለን፤ አፍንጫዋ ላይ ነዋ! ቅላቷም የእሱ ነው፣ አፍንጫዋ ግን ቁርጥ እሱ። ሕፃኗ ስትተኛ ፈይሩዝ አጎንብሳ ያንን አፍንጫ በጣቷ ጫፍ ስትነካው ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። አላየሁም ብዬ ዞር እላለሁ።

በዓመቱ ሱቋን ከፈትን። እኔ ፀጉር፣ እሷ ሂናና ኩል። የሮቤና የጎባ ሙሽሮች፣ የእስላሙም የክርስቲያኑም፣ በእኛ እጅ ነው ያለፉት። ፈይሩዝ እጇ ፈጣን አይደለም። አንዷን ሙሽራ ይዛ ግማሽ ቀን ትፈጃለች፤ እኔ ሦስቷን ሠርቼ ቁጭ ብዬ እሷን እጠብቃለሁ፣ እናደዳለሁ፣ እጮሃለሁ። እሷ አትሰማኝም። አንደበቷ ላይ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ቆይ፣ ገና አላየኋትም ትላለች። ልጅቱ ከፊቷ ተቀምጣ!

ኮንቱር የሚባለው ጉድ ሮቤ የደረሰው ኋላ ነው፣ ሀዋኒ ስድስተኛ ክፍል ገደማ ሳለች። አንድ ነጋዴ ከሞያሌ በኩል ይዞት መጣ። ነገሩ አይከብድም፤ ጥላ ያደረግሽበት ቦታ ይገባል፣ ብርሃን ያደረግሽበት ይወጣል። ጉንጭ ሥር ጥላ ከሳብሽ ጉንጩ ከፍ ይላል። አፍንጫን ግራና ቀኝ ጥላ ካደረግሽለት ሰልካካ ይመስላል። ፈይሩዝ በአንዱ ቡናማ ቀለም የጠይም ሙሽሮችን ፊት ስትሠራ አገር ጉድ አለ። እሷ ራሷ ጠይም ናት፣ በራሷ ፊት ላይ ነው የለመደችው።

ከዚያ አንዲት የጎባ ልጅ መጣች። ቅላቷ እንዴት ያለ ነው፣ ደሟ ከቆዳዋ ሥር ይታያል። ፈይሩዝ ያንኑ ቀለም ወስዳ፣ በአምፖል ብርሃን፣ ጉንጯ ሥር አሰመረችላት። እኛ ቤት ውስጥ ያማረ መስሎን እልል ብለን ሸኘናት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰርጉ ቪዲዮ ወጣ። ዘመድ አዝማድ ቁጭ ብሎ ሲያይ፣ ሙሽራዋ ደጅ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ፊቷ ግራና ቀኝ በልዟል። አክስቷ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ማን ነው የመታት ብለው ጠየቁ። ወሬው ከጎባ ሮቤ ሳይውል ሳያድር ደረሰ። ፈይሩዝ ሁለት ቀን ሱቅ አልመጣችም። እኔም አልጠራኋትም፣ ሐዘኗን ታውጣ ብዬ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጣችና ሰላም እንኳ ሳትለኝ እጅሽን አምጪ አለችኝ። እኔ ቀይ ነኝ፤ የአያቶቼ አገር መንዝ ነው፣ እነሱ ወደ ባሌ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ቅላት ነው መሰለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክንዴ የእሷ መማሪያ ሆነ። ከገበያው ያለውን ቡናማ ሁሉ ሰብስባ፣ አንዱን ከአንዱ እየደባለቀች፣ ክንዴ ላይ በመደዳ ትቀባኝና ጎትታ ደጅ ታወጣኛለች። ፀሐይ ሲወጣ፣ ደመና ሲሆን፣ ማምሻውን። አላፊ አግዳሚው ምን ይለናል አላለችም። መንጋጋዬ ላይ ተቀብቶ ቤቴ የገባሁበት ቀን አለ፤ ገዛኸኝ አይቶኝ የጢም ዘመን ደረሰልሽ ወይ ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ስናደድ፣ ፈይሩዝ በማግስቱ የጠየቀችኝ ጢም የመሰለው የትኛው ቀለም እንደሆነ ብቻ ነው።

እንዲህ አድርጋ ነው ያገኘችው። ቀይ ፊት ጥላ ሲወድቅበት ቀለሙ ምን እንደሚመስል ለማወቅ እኔን በር ላይ አቁማ አገጬ ሥር ያለውን ጥላ ታያለች። ያ ጥላ እንደ ዝገት ቀላ ያለ አይደለም፣ ደብዘዝ ያለ፣ አመድ ትንሽ ብቻ የነካው ቡናማ ነው። በቃ፣ የቀይ ሰው ኮንቱር እሱ ነው፤ ከቆዳዋ ሁለት ደረጃ ብቻ ጠቆር ያለ፣ ከዚያ አያልፍም። ደግሞ ጉንጭ እያየሽ አትምረጪ ትላለች። የእኛን አገር ብርድና ፀሐይ ታውቁት የለ፣ የደጋ ልጅ ጉንጯ ተመትቶ ይጠቁራል፤ እውነተኛ ቀለሟ ሻሽ የሸፈነው አንገቷ ነው። ክሬሙም በብርድ ድርቅ ስለሚል፣ ቆርቆሮውን ብብቷ ሥር ይዛ እያሞቀች ነበር የምትሠራው። ስታወጣው እኔ አፍንጫዬን እይዛለሁ፣ እሷ በብራሹ ግንባሬን ትመታኛለች። ያቺ የጎባ ልጅ በኋላ እህቷን ይዛልን መጣች። ፈይሩዝ ያን ቀን ደስ ብሏት ኬክና ማኪያቶ ጋበዘችኝ።

እንግዲህ የእኛ ኑሮ ይኸው ነበር። አሁን ስለ ሀዋኒ ልናገር፣ የምናደደው እዚህ ላይ ነው።

ልጅቱ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። ልጆቹ ጎራዳ ብለው ሰድበዋት ነው። ፈይሩዝ የሙሽራ እጅ ላይ ሂና እየሳለች ነበር። ቀና አለች፣ አፏን ከፈተች፣ የአባትሽ ነው ልትል እንደሆነ እኔ አውቄያለሁ። ግን የከሊልን ስም መጥራት አትችልም። ስሙን ስትጠራ ድምጿ ይሰበራል፣ ከዚያ ሳምንት ሙሉ ደህና አትሆንም። ልጇ ፊት እንዳትሰበር ብላ በቃ አንዲት ውሸት ወረወረች፤ አይዞሽ፣ ስታድጊ ይቃናል አለቻት። ልጅቱም እንባዋን ጠርጋ ሄደች። ምስኪን፣ አመነች።

ያደገችው መስታወት ስታይ ነው። ሱቁ ውስጥ መስታወት ሞልቷል፤ ታያለች፣ አልተቃናም። አሥራ አምስት ሞላት፣ አልተቃናም። ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ተመረቀች፣ ፋርማሲ ተቀጠረች፣ አፍንጫው እንዳለ ነው። ቆንጆ ልጅ ናት እኮ! ግን ስትስቅ አፍንጫዋን በእጇ ትሸፍናለች። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር ፈይሩዝን ከሱቁ ጀርባ እየጠራሁ ንገሪያት እላታለሁ። እነግራታለሁ ትላለች። መቼ? ነገ ትላለች። ነገ፣ ነገ፣ ነገ እያለ ዓመቱ አለቀ።

አምና በ2017፣ ከኢድ በኋላ፣ ዓብዱልፈታሕ የሚባል መሐንዲስ ሀዋኒን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። ጨዋ ልጅ ነው፣ የሮቤ ልጅ፣ ሥራው አዳማ። ኒካሑ ታሰረ፣ የሰርጉ ቀን ተቆረጠ። ፈይሩዝ ለብድሬ ዘመዶችም በአንድ የከብት ነጋዴ እጅ የጥሪ ካርድ ላከች። መልስ አልመጣም። አይመጡም አለችኝ፤ ግን ቅር እንዳላት ፊቷ ያስታውቃል።

ከሰርጉ ሦስት ቀን በፊት ሀዋኒን ለሙከራ ሱቅ አስቀመጥናት። ፈይሩዝ በሯን ከፍታ የልጇን አንገት በጠዋት ብርሃን አየች፣ ቀለሙን መረጠች፣ ክሬሙን ማሞቅ ጀመረች። እጇ ፊቷ ላይ ሲደርስ ሀዋኒ በሁለት ጣቷ አፍንጫዋን ግራና ቀኝ ይዛ፣

«እማዬ፣ ስታድጊ ይቃናል ብለሽኝ አልነበር? በቃ አሁን አንቺው አቅኚልኝ» አለቻት።

በክፋት አይደለም፣ እየሳቀች ነው ያለችው። አንቺ ካልቻልሽ ከአዳማ አንዲት ሜካፕ ሠሪ አውቃለሁ፣ እሷ ትመጣለች ብላም ጨመረች። እኔ የፀጉር መተኮሻ ፒያስትራውን ሶኬት ላይ እንደተሰካ ትቼ ፈይሩዝን አየኋት። አሁን ትነግራታለች አልኩ። ፈይሩዝ ግን ቀጭኑን ብራሽ አነሣች።

ማታ ቤቷ ሄጄ ተጣላኋት። ልጅቱ አባቷን ልታጠፋ ነው፣ ያውም በአንቺ እጅ፣ ሳታውቅ ነው የምትጠይቅሽ፣ ንገሪያትና ከዚያ ትምረጥ አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«የሰርግ ቤት ውስጥ ለቅሶ አላስገባም፣ አሴ» አለችኝ። «ሃያ ሦስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፣ በሰርጓ ቀን እሷ ላይ አልጭነውም። ቆንጆ ሆና ትሂድልኝ።»

በሩን ወርውሬ ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ ከሊል ትዝ አለኝ።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ተነሥቼ ሄድኩ፤ ኩርፊያ ሌላ ቀን ይደርሳል፣ ፀጉሯን ማን ሊሠራት ነው? ሙሽራው አሥር ሰዓት ይመጣል ተብሏል። እኔ ፀጉሩን ስምንት ሰዓት ጨረስኩ፣ ከዚያ ፈይሩዝ ተቀመጠች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእነ ፈይሩዝ ወገን ሙሽራ ስትወጣ የአባቷ ወገን አሮጊት ቅቤ ቀብታ ትመርቃታለች። ፈይሩዝ የማንኛዋም ሙሽራ ቤት ስትገባ፣ ቦርሳዋን ሳትከፍት በፊት የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቅቤ ተቀብታለች ወይ? አልተቀባችም ካሏት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ሁለት ሰዓትም ቢሆን። ቅቤ ክሬም ላይ ከደረሰ ሥራው ሁሉ አለቀ ማለት ነው። ያን ቀን ግን የሙሽራዋ እናት ራሷ ናት፣ የአባትም ወገን የለም። ቅቤውን ማን ይቀባል? ሳትጠይቅ ጀመረች።

እንደዚያ ስትሠራ አይቻት አላውቅም። ጉንጭ ሥር ያለውን ጥላ በትንፋሽ ነው ያሳረፈችው ብትሉ ይሻላል፣ ከየት እንደሚጀምር ከየት እንደሚያልቅ አይታይም። ከዚያ አፍንጫው ላይ ደረሰች። ከቅንድቧ ጥግ ጀምራ ወደ ታች፣ በግራ፣ በቀኝ፣ መሃሉን በብርሃን። እያየሁት ጠበበ። እያየሁት የከሊል አፍንጫ ሄደ፣ ሄደ፣ አለቀ። ሀዋኒ መስታወቱን ተቀብላ ራሷን አየች፣ አለቀሰችም ሳቀችም፣ እናቷን አቅፋ አመሰገነች። ፈይሩዝ ማሻአላህ አለችና ብራሾቿን ልታጥብ ወጣች። ተከትያት ሄድኩ። ቧንቧው ተከፍቷል፣ እሷ ቆማለች፣ ብራሾቹ እጇ ላይ ናቸው፣ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። ቧንቧውን ዘጋሁት።

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን የግቢው በር ተንኳኳ። ሙሽራው ቀደመ ብለን ተደናገጥን። አንድ ጎልማሳ ሰው አንዲት አሮጊት ደግፎ ገባ። አሮጊቷ ቅል ውስጥ ቅቤ ይዘዋል፣ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ነው። መንገድ ላይ ደሎ መና አድረው፣ ከብድሬ ሁለት ቀን ተጉዘው የመጡ ናቸው። ፈይሩዝ ከወዲያ አየቻቸውና ቆመች፣ ከዚያ ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። አኮ ሰይዳ ክንዷን ይዘው አነሷት፣ ግንባሯን ሳሙት። ስለ ድሮው አንድም ቃል አልተነሣም።

ልጄ የት ናት ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ። ሀዋኒ ከነቬሏ ተነሥታ መጣችና እጃቸውን ሳመች። አኮ ሰይዳ አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት። ፊቷን አዩ፣ ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ ደግመው አዩ። የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ያስታውቃል። ማሻአላህ ቆንጆ ናት አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣

«እናቷን ነው የመሰለችው» አሉ።

ሁለት ቀን ሙሉ ተጉዘው! ፈይሩዝን ለማየት ፈራሁ። አሮጊቷ ግን ወግ ወግ ነውና ቅላቸውን ከፈቱ። ፈይሩዝ ሌላ ሰርግ ላይ ቢሆን እናቴ፣ አናቷን ብቻ ብላ ዘላ ትይዛቸዋለች፤ ስንት አሮጊት እንዲህ ስትይዝ አይቻለሁ። አፏን ስትከፍት አየሁ። መልሳ ዘጋችው። አኮ ሰይዳ በአውራ ጣታቸው ቅቤውን ጠቅሰው አናቷን ቀቡ፣ ግንባሯን ቀቡ፣ ከግንባሯም ቁልቁል አፍንጫዋን እስከ ጫፉ አወረዱት። ረቢ ሲ ሃ ኤቢሱ እያሉ፣ ጌታ ይባርክሽ እያሉ፣ ሁለቴ ሦስቴ።

ክሬሙ ሟሟ። ጥላው በግራም በቀኝም ተንሸራቶ ወረደ። አኮ ሰይዳ ፊቷን ያቆሸሹ መስሏቸው ደንግጠው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት፣ አሁንም ጠረጉላት። ከዚያ እጃቸው ቆመ። የከሊል አፍንጫ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብሏል። በሁለት መዳፋቸው የልጅቱን ፊት ያዙና፣

«ከሊሌ፣ እዚህ ነህ እንዴ?» አሉት።

ልጅቱን አይደለም፣ እሱን ነው የጠየቁት። ሀዋኒ ከመዳፋቸው ሳትወጣ ዓይኗን ብቻ ወደ እናቷ አዞረች።

«እማዬ፣ ይሄ የአባዬ ነው?»

«የአባትሽ ነው።»

«ይቃናል ያልሽኝ?»

«ዋሽቼሽ ነው፣ ልጄ» አለች ፈይሩዝ።

ውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ሙሽራው መጣ! ፈይሩዝ ነቃ አለች፣ ስፖንጁን አነሣች፣ ክሬሙን ብብቷ ሥር ወሸቀች፣ ደቂቃ ይበቃኛል፣ እንደነበረ አደርገዋለሁ እያለች ወደ ልጇ ተጠጋች። ሀዋኒ የእጇን አንጓ ያዘቻት።

«መጀመሪያ ስለ እሱ ንገሪኝ።»

እኔ ወደ በሩ ሄድኩ። ሙሽራ ሲመጣ ደጅ መከልከል ወግ ነው፣ ተጨፍሮ ተቀልዶ ይከፈታል። እኔ ግን ትከሻዬን በሩ ላይ አስደግፌ የምሬን ከለከልኩ። ሚዜዎቹ መጀመሪያ ጨፈሩ፣ ከዚያ ለመኑ፣ ከዚያ ተናደዱ። አንዱ በሩን ገፋብኝ፣ እኔም መልሼ ገፋሁበት። ዓብዱልፈታሕ ራሱ ወደ በሩ ስንጥቅ ተጠግቶ እትዬ፣ በሰላም ነው ወይ አለኝ። በሰላም ነው፣ ጠብቅ አልኩት።

ከጀርባዬ ፈይሩዝ ታወራለች። ጉንጩን እንደገና እየሠራች፣ ቅንድቡን እየሠራች፣ አፍንጫውን ሳትነካ ታወራለች። ጫማው ስንት ቁጥር እንደነበር ሳይቀር ነገረቻት። ቡና ሲጭን የሚያፏጨውን፣ ሕፃኗን ደረቱ ላይ አስተኝቶ ራሱ ቀድሞ የሚያንቀላፋውን፣ ያችን የመጨረሻ ጠዋት። ድምጿ ይሰበራል፣ ትቀጥላለች። አኮ ሰይዳ የልጅነቱን ይጨምራሉ። ሀዋኒ እየደጋገመች ትጠይቃለች።

«ሲስቅስ?» አለች።

«ሲስቅማ ይብሳል» አለች ፈይሩዝ። «ፊቱን በሙሉ ይይዘዋል።»

ዞር ብዬ አየሁ። ሀዋኒ እየሳቀች ነበር፣ እጇም ጭኗ ላይ ነው፣ አልሸፈነችውም። እናቷና አያቷ ያዩዋታል። እኔ ሙሽራውን ሌላ አሥር ደቂቃ ደጅ አቆምኩት።